ካርታው ይቆየን

ምናባዊ ዓለም ለሚፈጥሩ ደራስያን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያዝዙት አንድ ነገር ነው፤ «መጀመሪያ ዓለሙን ጨርስ፤ ታሪኩ በኋላ ይደርሳል» ይላሉ። ወንዙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚፈስ፣ ንጉሡ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚቆም ሳይታወቅ ብዕር አይነሣም። ታሪኩ ወይም ጨዋታው ስለፈለገው ብቻ የተበጀ ነገር ሁሉ በእነርሱ ዘንድ ማጭበርበር ነው። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ምናባዊ ዓለም የሚወለደው ከችግር ነው። የሚያሳፍረው መቸገሩ ሳይሆን የችግሩን ዕዳ አለመክፈሉ ነው።

ዘወትር የሚጠሩት ምስክር ቶልኪን ነው። እውነት ነው፤ ሰውዬው ለዓለሙ ቋንቋ ሳይቀር ፈጥሮለታል። ይሁንና ምስክሩን እስከ መጨረሻው እንስማው። በ1937 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በታተመው «ሆቢት» ውስጥ ጎለም የተባለው ፍጡር በእንቆቅልሽ ከተሸነፈ ለቢልቦ ስጦታ ሊሰጥ ቃል ይገባል፤ ስጦታውም ቀለበቱ ነው። ተሸንፎ ቀለበቱን ፈልጎ ሲያጣው ይቅርታ ይጠይቃል፤ በምትኩም መውጫውን ያሳያል። ቀጥሎ የተጻፈው «የቀለበቶቹ ጌታ» ግን የያዘውን ሰው ባሪያ የሚያደርግ፣ በቀላሉ የማይለቁት ቀለበት አስፈለገው። ስለዚህ ቶልኪን ምዕራፉን እንደገና ጻፈው፤ በ1951 እትም ያ ቃል አክባሪ ጎለም ለመግደል የሚያደባ ሆነ። ዓለሙ ለታሪኩ ታዘዘ ማለት ነው። የደራሲው ታላቅነት የታየው ግን ከዚህ በኋላ ነው። የቀድሞውን ትረካ እንዳልነበረ አልቆጠረውም፤ ቢልቦ ቀለበቱን በሐቅ ያገኘው ለማስመሰል የተናገረው ውሸት ነበር አለን። ያም ውሸት ቀለበቱ ደጉን ሰው እንዴት እንደሚያበላሽ ማስረጃ ሆኖ ቀረ። ዕዳ መክፈል እንዲህ ነው።

ችግር በቅቤ ያስበላል ይባል የለ? በ1999 «ሳይለንት ሂል» የተባለው ቪዲዮ ጌም ሲሠራ የዘመኑ ፕሌይስቴሽን የከተማዋን ጎዳናዎች እስከ ሩቅ ድረስ ለማሳየት አቅም አልነበረውም። ሠሪዎቹ ከተማዋን በጉም ሸፈኗት። ጉሙም ፍርሃቱ ራሱ ሆነ፤ ተጫዋቹ ከፊቱ ምን እንደሚጠብቀው ሳያይ ይራመዳል። በ2001 ሁለተኛው ጌም ይበልጥ ኃይል ላለው መሣሪያ ሲዘጋጅ እንኳ ጉሙ አልተገፈፈም። ለመሆኑ ካርታ ነዳፊዎቻችን ስንት ዓመት ቢቀመጡ ያን ጉም ያመጡት ነበር?

ዕዳው ሳይከፈል ሲቀርስ? በ2011 የወጣውን «ስካይሪም» እንመልከት። ታላላቅ የተባሉት ከተሞቹ ጥቂት ቤቶች ብቻ ናቸው ብሎ የሚስቅ አለ። እኔ በዚህ አልስቅም፤ ቴአትርም ሠራዊትን በአራት ሰው ያሳያል። የሚከፋኝ ሌላ ነው። ዓለምን የሚያጠፋ ዘንዶ ተነሥቷልና ፍጠን እንባላለን፤ ወር ሙሉ ቅጠል ስንለቅም ብንከርም ግን ዘንዶው በትዕግሥት ይጠብቀናል። ታሪኩ ጥድፊያ ፈለገ፣ ጨዋታው ነጻነት ፈለገ፤ ሁለቱን የሚያስታርቅ አልተገኘም። በ1997 የወጣው «ፎልአውት» ግን የውኃ ማጣሪያውን ዕቃ በ150 ቀን ውስጥ ካላመጣህ ወገኖችህ ያልቃሉ ካለ በኋላ ቀኑን በእርግጥ ይቆጥራል። የሕዝቡ ጥማት የጨዋታው ሕግ ሆነ።

«ጨዋታ ነው፤ ምን አስጨነቀህ?» ለሚለኝ የአባቶቻችንን ሰንጠረዥ አስታውሰዋለሁ። «ወረራ» በሚባለው መክፈቻው ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ እያንዳንዱ ሠራዊቱን እንደፈለገው ያሰልፋል። ጦር ሲከትት ተራ የሚጠብቅ የለምና! አንድ መስመር ትረካ ሳይታከልበት ሕጉ ብቻውን ዓለም ሠራ።

እንግዲህ ወጣቱ ደራሲ ሆይ፣ የነገሥታቱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረህ አንድም ሰው ሲያለቅስ ያላሳየህበትን ደብተር ለጊዜው እጠፈው። አንድ ሰው አቁምና ምን እንደቸገረው ጠይቀው። መሻገር ከቸገረው ወንዙ በዚያ ይፍሰስ። አንዴ ካፈሰስከው በኋላ ግን ክረምት ሲገባ እንዲሞላ ፍቀድለት፤ የምትወደውን ሰውህን የሚወስድብህ ቢሆን እንኳ።