የግብር ቅናሹ ኩራዝ ለሚያበራው ቤት ይደርሳል?

በአሜሪካ የቤቱን ጣሪያ በፀሐይ ኃይል መሣሪያ ላሠራ ሰው መንግሥት ይሰጠው የነበረው የግብር ቅናሽ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ቅናሹን ያስቆመው ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈረመው ሕግ ነው። ነገሩ ከገጠር የራቀ ቢመስልም አሠራሩን መመርመር ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች ይጠቅማል።

በ2014 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ባለቤቱ ለመሣሪያው ካወጣው ገንዘብ 30 በመቶው ከገቢ ግብሩ ላይ ይቀነስለት ነበር። 20,000 ዶላር ያወጣ ሰው 6,000 ይቀርለታል ማለት ነው። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱንና በሩን ለለወጠም ሌላ ቅናሽ ነበረ። ይሁን እንጂ ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያወጣው ባለቤቱ ራሱ ነው። ቅናሹ ከግብሩ ቢበልጥም ትርፉ በጥሬ ገንዘብ አይመለስለትም። በመሆኑም ገቢው ዝቅተኛ የሆነና በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ከዕድሉ ብዙም አልተጠቀመም። እንዲህ ያለው ቅናሽ ኩራዝ ለሚያበራ ገበሬ ቢታወጅ፣ ከሚከፍለው ጥቂት ግብር ላይ ምን ያህል ሊቀነስለት ይችላል?

ጎረቤታችን ኬንያ የሄደችበት መንገድ ከዚህ ይለያል። እዚያ ታክሱ የተነሣው ከዕቃው ላይ ስለሆነ ገዥው የሚሞላው ቅጽ የለም፤ ጥቅሙን የሚያገኘው ሱቅ ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ግን የኬንያ መንግሥት በፀሐይ ኃይል መሣሪያዎች ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ ጣለ። በዚያ አገር ብዙ የገጠር ነዋሪ መብራቱን የሚገዛው በእጅ ስልክ በየቀኑ ጥቂት ሽልንግ እየከፈለ ነውና፣ በዋጋው ላይ የተጨመረው ሁሉ የዕለት ክፍያውን ያከብድበታል ወይም የዕዳውን ጊዜ ያራዝምበታል። ታክሱ ከአንድ ዓመት በኋላ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ተነሣ።

ይህም መንገድ እንከን አያጣም። ነጋዴው ታክሱ ሲቀርለት ዋጋውን ባይቀንስ ገዥው በምን ያውቃል? ገበሬው ስለ መብራት ሲጠይቅ ዋቱን ትቶ ስንት ሌሊት እንደሚያበራ ነው የሚጠይቀው፤ ትክክልም ነው። ከዚያ አልፎ ታክሱን ተከታትሎ መጠየቅ ለአንድ ገዥ ይከብደዋል። በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል በጅምላ ሲገዛ ግን የሁለት ሦስት አቅራቢዎችን ዋጋ ማወዳደር፣ በደረሰኙ ላይ ታክስ መኖር አለመኖሩን ማየትና ባትሪው ሲበላሽ ማን እንደሚለውጠው በጽሑፍ ማስፈረም ይቻላል። ይህን ሥራ ከግዥው በፊት የማኅበሩ መሪ ሊያከናውነው ይችላል።