ሾተላይ እና የ72 ሰዓቱ መርፌ

ሰሞኑን ከሐይቅ ከተማ የደወሉልኝ አንዲት አያት እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ልጄ የመጀመሪያዋን በሰላም ተገላገለች። ሁለተኛው ሆዷ ውስጥ ሞተባት። አሁን ደግሞ ሦስተኛ ይዛለች። ሾተላይ ነው ይሉናል፤ ምን ይሻለናል?»

በወሎ ሾተላይን የማያውቅ ቤት የለም። ካሳ፣ ምትኩ፣ ተተካ የሚባሉ ጎረቤቶች አሉን፤ ከእነዚህ ስሞች ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለፈ ልጅ አለ። ድሮ ጥፋቱ በመንፈስ ወይም በእናቲቱ ይሳበብ ነበር። ነገሩ ግን የደም ዓይነት ጉዳይ ነው፤ የማንም ኃጢአት አይደለም።

በቀይ የደም ሕዋሳችን ላይ አርኤች የሚባል ምልክት አለ። ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። በአገራችን ከ100 ሰዎች ኔጌቲቭ የሆኑት ከ10 ያነሱ ናቸው። እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ሲሆኑ ጽንሱ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቱ ሲገባ ሰውነቷ እንደ እንግዳ ቆጥሮ አንቲቦዲ ያመርትበታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው ለዚህ ነው፤ አንቲቦዲው ሲዘጋጅ እሱ ተወልዷል። በሚቀጥለው እርግዝና ግን አንቲቦዲው በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የጽንሱን ደም ያፈርሳል።

መድኃኒቱ አንቲ-ዲ ይባላል፤ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገርመው እሱ ራሱ አንቲቦዲ መሆኑ ነው። በመርፌ ሲሰጥ እናቲቱ ደም ውስጥ የገቡትን የልጁን ሕዋሳት ይለብሳቸዋል፤ ጣፊያም ጠርጎ ያስወግዳቸዋል። ስለዚህ የእናቲቱ ሰውነት አንቲቦዲ ማምረት ሳይጀምር ነገሩ ያልቃል። መድኃኒቱ የሚዘጋጀው ከለጋሾች ፕላዝማ ነው። አውስትራሊያዊው ጄምስ ሃሪሰን ለዚሁ ሲል ከ1,100 ጊዜ በላይ ፕላዝማ ሰጥቷል።

አንቲቦዲን ከለጋሽ ሳይጠብቁ በላቦራቶሪ ማምረትም ተችሏል። ኮለርና ሚልስታይን በ1975 እ.ኤ.አ. አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ የሚያመርት የሕዋስ ዘር አገኙ። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ትራስቱዙማብን የመሳሰሉ ስማቸው በ«ማብ» የሚያልቅ መድኃኒቶች የተገኙት ከዚያ ነው፤ ሞኖክሎናል ይባላሉ። ሕንድ ውስጥ አንቲ-ዲም በዚህ መንገድ ይመረታል።

ለቤተሰብ ዋናው ነገር ጊዜው ነው። መርፌው በ28ኛው የእርግዝና ሳምንት ይሰጣል፤ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ውርጃ ካጋጠመ፣ በእርግዝና ወቅት ደም ከፈሰሰ ወይም ሆዷ ከተመታም ሐኪም ያዝዘዋል። 72 ሰዓቱ ካለፈ እስከ 10 ቀን ድረስ የተወሰነ ጥቅም ስላለው «አለፈ» ብላችሁ አትተዉ። በእኛ አገር ሦስቱ ቀን ገንፎ ሲገነፋ፣ እልል ሲባል፣ ጠያቂ ሲስተናገድ እልም ይላል። አራስም ከቤት አትወጣም። መርፌው ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ ያለበት በመሆኑ በየመድኃኒት ቤቱ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው ምጥ ሲመጣ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የእናቲቱ ሰውነት አንቲቦዲውን አስቀድሞ ካመረተ መርፌው አይመልሰውም። ለአያትየዋም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፦ ልጅዎ ነገ ዛሬ ሳትል የደም ዓይነቷንና ኩምብስ የሚባለውን ምርመራ ታድርግ። የሚሞት ጽንስ ሁሉ በሾተላይ አይደለምና ምክንያቱ ሌላም ሊሆን ይችላል። አንቲቦዲው ከተገኘባት የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል፣ ለሐይቅ ሰው ወደ ደሴ፣ ሄዳ በቅርብ ትታይ። የታመመ ልጅ ቢወለድም የብርሃን ሕክምናና ደም መቀየር አሉለት።

እናቶች፣ አያቶች፦ ልጃችሁ ወይም ምራታችሁ ስታረግዝ በመጀመሪያው ክትትል የደም ዓይነቷ ካርዷ ላይ መጻፉን ጠይቁ። ኔጌቲቭ ከሆነች የባሏም ይታይ። እሱም ኔጌቲቭ ከሆነ ስጋት የለም። ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ለአራስ ቤት ቅቤና እህል ስታዘጋጁ መርፌው የት እንደሚገኝም አጣሩ።