ሰነፍ ማን ነው?

ስንፍናን የማይነቅፍ ሰው የለም፤ «ሰነፍ ነኝ» የሚልም የለም። ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል። በከተማችን በሐረርም ነገሩ ይኸው ነው። በፈረስ መጋላ እጁን ለምጽዋት የዘረጋ ድኻ ሲታይ፣ የማይሠራ እንዳይበላ ሐዋርያው አዝዟል እየተባለ በመጽሐፍ ስም ይባረራል። ይህን የሚናገረውስ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ከምሳ በኋላ ፍራሽ አንጥፎ፣ የአወዳይን ጫት ታቅፎ፣ እስኪመሽ ድረስ ሰው ሲያማ የሚውለው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ቅዱስ ጳውሎስ በ2ኛው የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 3 ከማዕድ የከለከለው፣ ለመሥራት ፈቃድ የሌለውን እንጂ ሥራ ያጣውን ወይም አቅም ያነሰውን አይደለም። የነቀፋቸውም ሥራ ፈትተው በሰው ጉዳይ የሚገቡትን ነው። ወዲያውም ምእመናን በጎ ማድረግን እንዳይሰለቹ አሳስቧል። እንግዲህ ይህ ቃል ድኻን የሚመቱበት ዱላ ሳይሆን፣ ተናጋሪው ራሱን የሚያይበት መስተዋት ነው።

ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ስለ ወይን ቦታ ሠራተኞች በምሳሌ ተናግሯል። እስከ 11 ሰዓት ሥራ ፈትተው የቆሙት ሰዎች ምክንያቱን ቢጠየቁ፣ የሚቀጥራቸው እንዳጡ መለሱ። ባለቤቱም ታካች ብሎ አልሰደባቸውም፤ ሥራ ሰጣቸው፣ የሙሉ ቀን ደመወዝም ከፈላቸው።

ከስንፍና ሁሉ የከፋው ሥራን መናቅ ነው። ብዙ ዓመት ሳስተምር፣ ልጁ ባለ ጠረጴዛ እንዲሆንለት የሚመኝ አባት እንጂ አናጢ እንዲሆንለት የሚመኝ ብዙ አላየሁም። ወጣቱም ትምህርቱን ጨርሶ፣ የቢሮ በር እስኪከፈትለት በእናቱ እንጀራ ዓመት ሁለት ዓመት ይቀመጣል። እናቲቱ ግን ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ለጉልት ትወጣለች!

ይህ በሽታ የቆየ ነው። አንጥረኛውን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያልን ስንሰድብ ኖረን፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ከአፍ ቀነሰ እንጂ ከልብ አልወጣም። ይሁን እንጂ ጌታችን አናጢ፣ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበሩ።

ሐረርንስ ሐረር ያሰኛት ማን ነው? በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ የጁገልን ግንብ ያነሡ ግንበኞች፣ መጻሕፍትን የደጎሱ እጆች፣ ባለሙያ የሆኑ ስፌት ሰፊ ሴቶች፣ በመኪና ግርግርም ከስፌት መኪናቸው የማይነሡ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የመዘገበው የሠራተኞችን ድካም ነው፤ የሥራ ፈት ወሬ አልተመዘገበም።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ ሌላውን ሰነፍ ከማለትህ በፊት ራስህን ጠይቅ፤ ዛሬ እኔ ምን ሠራሁ? ለዚህስ ሰው የምሰጠው ሥራ አለኝን? ሠርቶልህ ከሆነም ደመወዙን ሳይመሽ ክፈለው፤ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የተጻፈው ሕግ የሠራተኛው ዋጋ በአሠሪው ቤት እንዳያድር ያዝዛልና። አሠርቶ የሚከለክል ሰው በሌላው ላብ ይበላልና፣ ከታካቾች ሁሉ የከፋ ታካች እርሱ ነው።