ሐኪም ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው ብሎ ለነገራት ወይዘሮ

ይህ ደዌ የማሕፀንን ውስጣዊ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ሲበቅል የሚመጣ ነው፤ ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶችም ከ10 አንዷን ያህል ይይዛል። ፈጽሞ የሚነቅለው መድኃኒት ባይገኝለትም ሕመሙን ማስታገሥ ይቻላል። ወይዘሮዪቱ ሕመሙ የሚነሣበትን ቀን በደብተር ትጻፍ፤ ለሐኪሙ ከብዙ ቃል ይልቅ ይህ ይጠቅመዋልና። ኢቡፕሮፌንን ያልፀነሰችና የጨጓራ ቍስል የሌለባት ሴት ሕመሙ ሳይበረታ ከምግብ በኋላ ብትወስደው ይረዳታል፤ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሆድ ላይ ማኖርም መልካም ነው። የሆርሞን ኪኒን ብዙዎችን ያሳርፋል፤ ነገር ግን በሚወሰድበት ጊዜ ፅንስን ስለሚከለክል ልጅ የምትሻ አስቀድማ ትንገር። «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚሉ ባልቴቶች አይደመጡ፤ ከወለዱም በኋላ የሚመለስባቸው አሉና። ባልም መካን ናት ብሎ ለፍቺ ወደ ዳኛ ከመሮጡ በፊት ከሚስቱ ጋራ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ፤ ይህ ደዌ ካለባቸው ሴቶች ብዙዎቹ ይወልዳሉ።