የጋራዡ ወለል ይታይልን

ለጋራዡ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
መካኒሳ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጋራዡ ወለል እንዲጠገን፣ በአግባቡ እንዲጸዳና በቋሚነት እንዲያዝ ስለመጠየቅ

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ማመልከቻ ጋር የተያያዘው የሞተር፣ የፍሬን፣ የኤሌክትሪክ፣ የላሜራና የላቫጆ ክፍል ሠራተኞች የጋራዡን ወለል በሚመለከት ያለንን ቅሬታ ከታላቅ አክብሮት ጋር ለእርስዎ እናቀርባለን። ነገሩን ለፎርማናችን በቃል ደጋግመን አንሥተን «ጥረጉት» ተብለናል። ጠርገናል፤ እየጠረግንም ነው። ነገር ግን ችግሩ ከመጥረጊያ አቅም በላይ ሆኖ ስላገኘነው በጽሑፍ ማመልከት ግድ ሆኖብናል።

የሞተር ክፍሉ ሊሾ ካለቀ ቆይቷል። ሊሾው ተልጦ ጠጠሩ የወጣ ወለል ደግሞ የወደቀበትን ሁሉ ይጠጣል፤ የተቃጠለ ዘይቱም፣ ናፍጣውም፣ ግሪሱም ወደ ውስጥ ሰርጓል። ጠዋት ደረቅ መስሎ የታየው ቦታ ፀሐይ ስትበረታ ዘይቱን መልሶ ያወጣዋል። ባትሪ በሚሞላበት ጥግ ደግሞ አሲዱ ሲሚንቶውን በልቶት፣ በጫማ ጫፍ ሲነኩት እንደ አፈር ይፈረፈራል። ከዚህ ቀደም በሞተር ክፍሉ ወለል ላይ የፈሰሰው አዲስ ሊሾ በጥቂት ወራት ውስጥ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ የተነሣው የግንበኛው እጅ ከፍቶ አይደለም። ዘይት የጠጣ ወለል ላይ ሲሚንቶ አይዝም።

ከሁሉ በፊት ሊታይልን የሚገባው የሰው ሕይወት ነው። ባለጎማው ክሪክ መኪና ሲያነሣ ክንዱ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ዞሮ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ክሪኩ ራሱ በጎማዎቹ እየተንከባለለ መኪናውን መከተል አለበት። ጎማው የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ከተቀረቀረ መከተል ስለማይችል የክሪኩ ራስ ከሻንሲው ላይ ይንሸራተታል። ባለፈው ክረምት አንድ አይሱዙ በዚሁ ምክንያት ከክሪክ ላይ ወርዶ በፊት እግሩ ወለሉን መትቷል። ከሥሩ ይሠራ የነበረው ልጅ የተረፈው ቁልፍ ሊቀይር ወጣ ባለበት ቅጽበት ስለሆነ ነው። ያንን ቀን ያየን ሁሉ ዛሬም ከመኪና ሥር ስንገባ መጀመሪያ የምናየው ሞተሩን ሳይሆን የክሪኩን ጎማ ነው።

ከመኪና ሥር የምንተኛበት ካርቶን ሥራው ገና ግማሽ ሳይደርስ ዘይት ጠጥቶ ይርሳል፤ ከካርቶኑ ወደ ቱታችን፣ ከቱታችን ወደ ጀርባችን ያልፋል። የተቃጠለ ዘይት በቆዳ ላይ እየዋለ ሲያድር ቆዳን እንደሚያሳክክና እንደሚያቆስል፣ ዓመታት ሲደራረቡም ለቆዳ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል የታወቀ ነው። ይህ ዘይት ከእኛ ጋር ቤት ይገባል፤ ከልጆቻችን ልብስ ጋርም ይታጠባል።

ቅዳሜ ከሰዓት ወለሉን በቤንዚን እንድናጥብ መታዘዛችን ከሁሉ ይልቅ ያሰጋናል። ቤንዚን ዘይት ማሟሟቱ እውነት ነው። ሆኖም ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት ተስቦ መኪና ከሥር በምንሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የላሜራ ክፍሉ ብየዳና ግራይንደር ደግሞ ከዚያ ጉድጓድ ጥቂት ርምጃ ብቻ ይርቃሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከወለሉ የሚታጠበው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድም ይታወቅልን። የላቫጆው ውኃና የክረምቱ ዝናብ ዘይቱን ጠርገው ከግቢው ጀርባ ወዳለው ቦይ ይጥሉታል፤ ቦዩም ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል። ትንሹ አቃቂ ከትልቁ ጋር አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይፈሳል። በመንገዱ ላይ ጎመንና ሰላጣ በዚሁ ውኃ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ እኛም ከገበያ ገዝተን የምንበላው ያንኑ ነው።

በመጨረሻም፣ የደንበኞች መኪና ምንጣፍ በዘይት ጫማ ተበላሸ ተብሎ የማሳጠቢያው ሒሳብ ከመካኒኮች ደመወዝ ላይ መቆረጡ አሳዝኖናል። ወለሉ ዘይት እስከሆነ ድረስ ጫማ ንጹሕ ሊሆን አይችልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ እንደማይቻል እርስዎም ያውቃሉ። ከእኛ አንድም በጽሑፍ የተስማማ የለም።

ስለሆነም የሚከተለው እንዲፈጸምልን በትሕትና እንጠይቃለን፦

1ኛ. ዘይት የጠጣውና የተሰነጠቀው ወለል እየተቆረጠ ወጥቶ በአዲስ ኮንክሪት ይተካ። አዲሱ ወለል በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር እየዘቀዘቀ ወደ ውስጥ ቦይ እንዲያፈስ ይደረግ። ኮንክሪት የሚጠበቅበትን ጥንካሬ የሚይዘው በ28 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ሥራ እንዳይቆም ወለሉ በግማሽ በግማሽ ይሠራ፤ መኪናዎቹን ወደ አንድ ወገን ሰብስበን ለመሥራት ፈቃደኞች ነን። ኮንክሪቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ዘይት የማያስገባ የወለል ቀለም ቢቀባ ለጽዳትም ለዕድሜውም ይበጃል።

2ኛ. ከግቢው ጀርባ ካለው ቦይ በፊት የዘይት መለያ ጉድጓድ ይቆፈር። ዘይት ከውኃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ውኃው ከሥር በኩል እንዲወጣ ከተደረገ ዘይቱ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ጉድጓዱ በየጊዜው ካልተቀዳ ግን ሞልቶ መልሶ ወደ ቦዩ ስለሚያፈስ የሚቀዳበት ቀንና የሚቀዳው ሰው ይወሰን።

3ኛ. በቤንዚን ወለል ማጠብ ከዛሬ ጀምሮ ይከልከል። በምትኩ ዘይት የሚያስለቅቅ ሳሙና፣ ሙቅ ውኃ፣ ጠንካራ ብሩሽና ውኃ መግፊያ ጎማ ይቅረብልን።

4ኛ. ለየመኪናው የዘይት መቀበያ ትሪ፣ የተቃጠለ ዘይት የሚጠራቀምበት ክዳን ያለው በርሜል፣ ዘይት ለጠጣ ሰጋቱራና ጨርቅ ክዳን ያለው የብረት ዕቃ፣ ለባትሪው ጥግ ሶዳ፣ ለሠራተኛው ጓንትና የማያንሸራትት ጫማ ይሟላ።

5ኛ. የማታው ጽዳት ከሥራ ሰዓት ውስጥ ይያዝ። አሁን ጽዳት የሚጀመረው የመውጫ ሰዓት ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ ታክሲ እንዳያመልጠው የሚቸኩል ሰው ሰጋቱራውን በትኖ ብቻ ይሄዳል።

6ኛ. ለምንጣፍ ማሳጠቢያ የተቆረጠው ደመወዝ ይመለስልን።

በእኛም በኩል ግዴታችንን እናውቃለን። የፈሰሰ ዘይት ሳይረገጥ ወዲያው ሰጋቱራ እናለብሳለን፤ የጠጣውን ጠርገን ክዳን ባለው ዕቃ እናስቀምጣለን፤ ቀሪውን በሳሙና ፈትገን እናጥባለን። አሲድ ሲፈስ ሶዳ እንበትናለን፤ አረፋው እስኪቆም ጠብቀን በውኃ እናጠራዋለን። የዘይት ፊልትሮ ሳይንጠፈጠፍ ወለል ላይ አናስቀምጥም። በየክፍሉ ተረኛ መርጠን፣ ተረኛው ፈርሞ እንዲረከብ እናደርጋለን። ትሪውም፣ በርሜሉም፣ የዘይት መለያውም በሌሉበት ግን ይህ ሁሉ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። መሣሪያው ከእርስዎ፣ ጉልበቱ ከእኛ ነው።

ጥያቄያችን ከሕግ ውጭ አይደለም። የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ለሠራተኛ ጤናማና ከአደጋ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ደግሞ የሥራ ቦታው በሠራተኛው ጤንነትና ደኅንነት ላይ አደጋ እንዳያደርስ የማድረግንና የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብን ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። አንቀጽ 93 በእኛ ላይ የጣለውን ግዴታ ከላይ በዘረዘርነው መሠረት ለመወጣት ተዘጋጅተናል።

ወጪው ቀላል እንዳልሆነ እንረዳለን፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይሠራ አላልንም። ሦስተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ገንዘብ ሳይሆን አንድ ትእዛዝ የሚፈልጉ ስለሆኑ በዚህ ሳምንት ይፈጸሙልን። የወለሉና የዘይት መለያው ሥራ ክረምት ሳይገባ እንዲጀመርልን፣ ከዚያም በፊት አንድ ቀን በሥራ ሰዓት ከእኛ ጋር ወለሉን ተዘዋውረው እንዲያዩልን እንለምናለን። ይህ ማመልከቻ ከደረሰዎት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘን ጉዳዩን ለከተማው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ለማቅረብ የምንገደድ መሆኑን ከወዲሁ በአክብሮት እናሳውቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የጋራዡ ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለፎርማን
ለሠራተኞች ተወካይ