ጨርቁን በስሙ ጥሩት!

«ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል» ይላል የሀገራችን ሰው። ብሂሉ እንዲያው ለወግ ያህል የተነገረ አይደለም። ለባሹ የትኛው ልብስ ለየትኛው ቀን እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ለብርዱ ጋቢና ቡሉኮ፣ ለዓመት በዓሉ ጥለት ያለው ቀሚስና ነጠላ አለው። ሐዘን ሲደርስበት ደግሞ የነጠላው ጥለት ከግርጌ ተነስቶ ወደ አንገት ይዞራል። ዛሬ ግን ፈርጁስ ይቅርና፣ የለበስነው ነገር ከምን እንደተሠራ ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን?

ዓመት በዓል ሲቃረብ የከተማችንን የልብስ ሱቆች ዞር ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። ጥለቱ በሸማኔ እጅ ሳይሆን በማተሚያ መኪና የታተመበት፣ ከባሕር ማዶ በጥቅል የመጣ የፖሊስተር ጨርቅ «የሐበሻ ልብስ» ተብሎ ተሰቅሏል። ደፈር ብላችሁ «ጨርቁ ምንድን ነው?» ብትሉ ሻጩ ዓይኑን ሳያሽ ይመልሳል፦ «ኧረ ጥጥ ነው እናቴ! ንክች አያደርገውም!»

እንዲህ ስል ጠቤ ከፖሊስተር ጋር እንዳይመስላችሁ። ጨርቅ ምን በደለ? ጠቤ ከስሙ ጋር ነው። ፖሊስተሩን ሸማ፣ የታተመውን የተሸመነ፣ ሰው ሠራሹን ጥጥ እያሉ መሸጥ በሚዛን ከማጭበርበር በምን ይለያል?

ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድን ነው? ጥጥ ከተክል የሚገኝ ነው፤ እርጥበት ይወዳል። 100 ግራም ደረቅ ጥጥ በመጠነኛ የአየር እርጥበት ውስጥ 8 ግራም ያህል ውኃ ይስባል። ላብን ተቀብሎ ያተናል። ሲርስ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም፤ የእናቶቻችን ነጠላ ስንት ጊዜ ታሽቶ፣ ስንት ጊዜ ተጨምቆ ዓመታት የሚዘልቀው አንድም በዚህ ነው። ጉዳቱ መጨማደዱና ለመድረቅ መዘግየቱ ነው። ሱፍ ከበግ ጠጉር ይገኛል፤ ከጥጥ እጥፍ ያህል እርጥበት ይይዛል፣ ሙቀት ያቅባል፣ በሙቅ ውኃ ካሹት ግን ይኮማተራል። ቪስኮስ የሚባለው ከእንጨት የሚሠራ ጨርቅ እንደ ሐር ያንጸባርቃል፤ ሲርስ ግን ኃይሉ ስለሚቀንስ አጥብቆ መጭመቅ አይስማማውም።

ፖሊስተር መነሻው ነዳጅ ዘይት ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በብሪታንያ ክር አድርገውታል። የራሱ ደግነት አለው። አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ብል አይበላውም። ለጃንጥላ፣ ለሻንጣ፣ ለዝናብ ካፖርት ማን ይጠላዋል! ከጥጥ ተደባልቆ ለደንብ ልብስ ሲውልም ጥሩ አገልጋይ ነው። ነገር ግን ጥጥ 8 ግራም በሚስብበት አየር ውስጥ እሱ ግማሽ ግራም እንኳ አይስብም። ገላን የሚሸፍን ረጅም ቀሚስ ሆኖ በጥምቀት ፀሐይ ሲለበስ ምን እንደሚያደርግ ለባሿ ታውቀዋለች።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሳቱ ነው። ዓመት በዓላችን ያለ ከሰል ምድጃ፣ ያለ ጧፍና ያለ ችቦ አይሆንም። ጥጥ አይነድም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ቶሎ ይያያዛል። ነገር ግን ነድዶ ዐመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ የቀለጠው ደግሞ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ረጅም የሽፎን ቀሚስ ለብሳ ረከቦት ፊት ተቀምጣ ቡና የምታፈላ ልጅ የለበሰችውን ጨርቅ ማወቅ መብቷ አይደለምን? «ጥጥ ነው» ተብላ የገዛችው ልብስ እሳት ሲነካው ነው ወይ እውነቱ የሚነገራት?

ይህ በለባሹ በኩል ያለው ጉዳት ነው። በሠሪው በኩል ያለውስ? አንድ የፈትል ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርት ይፈተላል። ይህን የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ከእጃቸው የሚወጣው ልቃቂት ለሸማው ማግ ይሆናል። ሸማኔው ደግሞ ድሩን ዘርግቶ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያመላለሰ ጥለቱን ክር በክር ይለቅማል። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ሙያውን ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ይዘው የመጡ ናቸው። የማተሚያው መኪና የእነዚህን ሰዎች ንድፍ ሳያስፈቅድ ወስዶ፣ በራሳቸው ገበያ፣ በራሳቸው ስም ዋጋቸውን ይሰብርባቸዋል።

ሸማኔውን ድሮ «ቁጢት በጣሽ» እያልን ሰደብነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰው ነበር። እነሆ ዛሬ ስድቡን ትተን ስሙን ወሰድንበት። የቱ ይብሳል?

«የውጭ ጨርቅ ድሮም ነበረ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ነበረ። በምኒልክ ዘመን የአሜሪካ አቡጀዲ ገበያችንን አጥለቅልቆት ነበር። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ውል ሲፈራረም አንዱ ጉዳዩ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አቡጀዲ አቡጀዲ ተብሎ ገባ፣ አቡጀዲ ተብሎ ተሸጠ። ካኪው ካኪ፣ ከፈዩ ከፈይ ተባለ። አቡጀዲን «ሸማ ነው» ብሎ ሊሸጥ የሚሞክር ቢኖር የገበያ መሳቂያ በሆነ ነበር። ያ «ያልሠለጠነ» የምንለው ገበያተኛ ጨርቁን በጣቱ አሽቶ ያውቃል። እኛ የተማርነው ነን በጥለቱ መልክ የምንታለለው።

ሌሎች ደግሞ «ታዲያ ድሀው ምን ይልበስ? የእጅ ሽመና ውድ ነው» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ርካሹ ጨርቅ ይሸጥ፤ አቅሙ ያልፈቀደለት ይልበሰው፣ ያምርበትም። ግን በፖሊስተርነቱ፣ በፖሊስተር ዋጋ ይሸጥለት! ሀብታሙማ ሽሮ ሜዳ ወርዶ፣ ክሩን አስመርጦ ያሸምናል። በውሸት ስም የሚታለለው ያው ድሀው ነው። በድሀው ስም ለአታላዩ ጥብቅና መቆም ምን የሚሉት ርኅራኄ ነው?

«ባህል ይለወጣል» ለሚሉትም መልሴ አጭር ነው። ይለወጥ! ሸማኔው አዲስ ጥለት ያውጣ፣ ሰፊውም አዲስ ቅድ ያምጣ። ይህ የኖረ ነው። የክርን ዓይነት ደብቆ መሸጥ ግን የባህል ለውጥ ሳይሆን ማታለል ነው።

ነቀፋው ለፋብሪካ ጨርቅ ነጋዴ ብቻ አይደለም። ሰው ሠራሽ ክር ጥለት ውስጥ አስገብቶ «ሐር ነው» የሚለው የሀገር ልብስ ነጋዴም አለበት። ሽመናው የእጅ መሆኑ ክሩን ሐር አያደርገውም። እውነት የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ራሱ እውነት መናገር አለበት።

ሌሎች ሀገሮች ይህን በሕግ ፈትተውታል። አሜሪካ በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱ ልብስ ከምን ክር፣ በምን ያህል መቶኛ እንደተሠራ እንዲጻፍበት አስገድዳለች። በብሪታንያ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ «ሃሪስ ትዊድ» የሚለውን ስም ይጠብቃል። በስኮትላንድ የውጭ ሄብሪደስ ደሴቶች ከንጹሕ ሱፍ የተፈተለና የደሴቶቹ ነዋሪዎች በየቤታቸው በእጅ የሸመኑት ካልሆነ በዚህ ስም መሸጥ አይቻልም። የጥቂት ደሴቶች ሸማኔዎች ስማቸው በፓርላማ ሕግ ሲጠበቅ፣ የሚሊዮኖች ልብስ የሆነው ሸማ ስሙ የማንም መጫወቻ መሆን አለበት?

ስም ሀብት መሆኑን ደግሞ እኛ አላጣነውም። ለይርጋ ጨፌ፣ ለሐረርና ለሲዳሞ ቡና ስም ተከራክረን በ1999 ዓ.ም. ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሰናል። ለቡናው ስም የተሟገተ ሀገር ለሸማው ስም ዝም ማለቱ ለምንድን ነው? ሕጉስ ቢሆን መቼ ጠፋ? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃ መግለጫ እንዲለጠፍበት፣ ሸማቹም እንዳይሳሳት ደንግጓል። የጎደለው አስፈጻሚና ጠያቂ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የንግድ ተቆጣጣሪው አካል የክሩ ዓይነትና መጠን በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ያልተጻፈበት ልብስ እንዳይሸጥ ያድርግ። «በእጅ የተሸመነ» የሚለው ቃል በእጅ ላልተሸመነ እንዳይሰጥ የሸማኔዎች ማኅበራት የራሳቸውን ምልክት ያውጡ፣ ያስመዝግቡም። እኛ ገዢዎችም እንጠይቅ። ሻጩ «ጥጥ ነው» ካለ ከስፌቱ ጠርዝ አንዲት ክር ትመዘዝ፤ ከልብሱ ርቆ፣ ሳሕን ላይ ትለኮስ። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ልስልስ ዐመድ ይሆናል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ጠጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ተኮማትሮ፣ ጥቁር ጭስ አውጥቶ ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሆናል። እውነተኛ ነጋዴ ይህን አይፈራም። የሚፈራ ካለ፣ ሌላ ሱቅ አይጠፋም።

ለሸማው ሸማ፣ ለፖሊስተሩ ፖሊስተር በሉት። ከዚያ በኋላ ሁሉም የወደደውን ይልበስ።