ጨዋው ሰፈርና ስምንቱ ልጃገረዶች

ጨዋ ሰፈር ማለት ምን ማለት ይሆን? ለቀልድ አይደለም የምጠይቀው። ብዙዎቻችን ክፍል ተከራይተን በምንኖርበት፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ሰሞኑን አንድ ወረቀት ከግቢ ግቢ እየዞረ ፊርማ ይለቅማል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቪላ ተከራይቶ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ስምንት ልጃገረዶች ሊያኖርበት አስቧል። ወረቀቱ ልጆቹን «ጠባያቸው የተበላሸ» ይላቸዋል፤ ሰፈሩን ደግሞ «የጨዋ ሰፈር»። እናም ወረዳው ይከልክልልን ነው ልመናው።

ባለፈው እሑድ በእድሩ አዳራሽ ስለዚሁ ጉዳይ ሲመከር ተቀምጬ ሰማሁ። የቤት ዋጋ ይወድቃል ተባለ። ወንዶች ልጆቻችንን ያበላሹብናል ተባለ። ከከተማ ውጪ ሰፊ ቦታ ሞልቶ የለም ወይ ተባለ፤ ለዚህኛው ተጨበጨበለት። የቤቱን ዋጋ ለደላሎች ልተወውና ወደ ወንዶች ልጆቻችን እንምጣ። እስቲ አስቡት! የ17 ዓመት ጎረምሳ መንገድ ዳር ቆሞ ባለፈች ባገደመች ሴት ሁሉ ላይ ሲያፏጭ ቢውል «ልጅነት ነው፣ ይተወዋል» ይባልለታል። ከእንጀራ አባቷ ሸሽታ አውቶቡስ ተራ ያደረች የ14 ዓመት ልጅ ግን «የተበላሸች» ናት። ሰፈር የምታበላሸው እንግዲህ የሚፏጭባት ናት እንጂ የሚያፏጨው አይደለም ማለት ነው።

ከተናገሩት ሁሉ ልቤን የነካኝ የአንዲት እናት ቃል ነው። «እኔ ልጆቹን አልፈራም፤ እነሱን ብሎ የሚመጣውን ባለመኪና ነው የምፈራው፤ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ» አሉ። ይኸ የሚናቅ ሥጋት አይደለም። ዘበኛ ይኑር፣ ሌሊት አብራቸው የምታድር ሠራተኛ ትኑር፣ በሩ ላይ ታፔላ አይሰቀል፣ ልጆቹ ቁጥራቸው ከስምንት አይለፍ ተብሎ ድርጅቱ በጽሑፍ ይፈርም ቢባል እኔም ከእርሳቸው ጋር እቆማለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለተደፈሩና ለተደበደቡ ሴቶች መጠለያ የሆኑ ቤቶች ዱሮም አሉ፤ አድራሻቸውን አያወጡም፤ በጎረቤታቸው የሚኖር ሰው እንኳ ላያውቃቸው ይችላል።

ደግሞስ ባለመኪናው እስከ ዛሬ ሰፈራችንን አያውቀውም ነበር? አስፋልቱ ዳር ያሉት ሁለቱ ፔንሲዮኖች፣ ከኋላቸው ያለው ሺሻ ቤት፣ በማን ፊርማ ተከፈቱ? አንድም ወረቀት ሲዞርባቸው አላየሁም። ኪራይ በጊዜው ይከፍላሉዋ! (የሺሻ ቤቱ አከራይ በስብሰባው ላይ ፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው «ባህላችን» የሚለውን ቃል ስንቴ እንደጠሩት መቁጠር አቃተኝ።)

ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ከየት የመጡ ይመስላችኋል? ከሰማይ አልወረዱም። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በ11 እና በ12 ዓመታቸው በደላላ እጅ ከገጠር ተነሥተው፣ ልክ እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ፣ ልክ እንዲህ ያለ ቪላ ውስጥ ልብስ አጣቢ፣ ልጅ አዛይ፣ ወጥ ሠሪ የነበሩ ናቸው። የቤቱ ጌታ ወይም የቤቱ ልጅ ሌሊት ኩሽና ገባ፤ ሲታወቅ እሷ በፌስታል ልብሷን ይዛ ወጣች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱ አብራው የምታድር ሠራተኛ ያለችው ሰው ጤናዋንና ጨዋነቷን የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። ጨዋነቷን! ግዴታው የአሠሪው ነበር እኮ። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ከልክሎ ሲያበቃ፣ የቤት ሠራተኛን ከአዋጁ ውጪ ትቷታል። ሕጉ ሳይቀር ኩሽናው በር ላይ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ይመለሳል።

«አስቸጋሪ» የሚለው ስም ታሪክ ያለው ስም ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቀርለት ይፈቅድ ነበር፤ ይኸ አንቀጽ የተሻረው በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው። በመካከሉ ስንት ዓመት እንዳለፈ ቁጠሩት። በዚያ ሁሉ ዘመን አስቸጋሪ ትባል የነበረችው እምቢ ያለችው ናት፤ አገባለሁ ያለው ጠላፊ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣውን «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የጠለፋትን ሰው ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናብቷታል። ፊልሙን አይተን አለቀስን፣ አጨበጨብን። ያቺው ልጅ ዛሬ ፍራሿን ተሸክማ ከአጥራችን ማዶ ልትገባ ብትመጣ ግን ወረቀት እናዞርባታለን። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይሉ የለ?

እድራችንንም ልንገረው። አንድ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ሦስት ቀን ንፍሮው አይቋረጥም፣ ለማያውቁት ሰው ሳይቀር ይለቀሳል። ይኸ ትልቅ ነገር ነው፤ አላፌዝበትም። ግን ከስምንቱ አንዷ ሞታ ብትገኝ ድንኳኑን ለመትከል የማይሰስተው እድር በሕይወት ሳለች ውሃ የምትቀዳበትን ቧንቧ ለምን ይሰስትባታል?

አሁን ወደኛ። ፊርማው ላይ የተማሪ ስም አለ፤ አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ፤ ሁለቱ ከኛው ክፍል ናቸው። አንደኛው ባለፈው ወር በዚሁ መጽሔት ላይ ስለ ጎዳና ልጆች ግጥም ያወጣ ወንድማችን ነው፤ ግጥሙ ጥሩ ነበር። ስጠይቀው «አከራዬ አምጥተው ሰጡኝ፣ ምን ልበላቸው?» አለኝ። ይገባኛል፤ ክፍል ተወዷል፣ አከራይም ይከበራል። ቢሆንም «እትዬ፣ እኔ አልፈርምም» ማለት ከግጥም የሚያጥር ዐረፍተ ነገር ነው።

የአከራዮቹ ወረቀት የፊታችን ሐሙስ ለወረዳው ይገባል። ያቺ እናት የጠየቁትን ጥበቃ ሁሉ ዘርዝሮ ልጆቹ ይግቡ የሚል ሌላ ደብዳቤ ተጽፏል፤ እርሳቸው አንብበውት ፈርመዋል። እስከ ረቡዕ ማታ ድረስ መጽሔታችን ከሚባዛበት ክፍል ይገኛል። መጀመሪያ የፈረመ ስሙን ከዚያኛው ላይ ማሰረዝ ይችላል፤ ወረቀቱን የያዙት የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ማታ ማታ ቤታቸው አይጠፉም።